ከሳሱ እስከ ኩርሙክ፦ የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ረጅም መንገድ

“ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር” ይላሉ አበው፤ ደግነቱ በክፉ የተመለሰለት ሰው ሲያዝን። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጎረቤትና በዘመድ መካከል ስላለ ውለታ ነው። ይሁንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ ተራሮቿን ተንተርሳ ወደ ሱዳን ሜዳ ለምታይ አንዲት ምድርም ልክ የተሰፋ ይመስላል። ያቺ ምድር ቤኒ ሻንጉል ናት። ለሺህ አምስት መቶ ዓመታት ያህል ነጋዴዎች፣ ፓሻዎች፣ ነገሥታትና ኩባንያዎች ወርቋን ፍለጋ ተመላልሰውባታል። ዛሬም በኩርሙክ አካባቢ በዘመናዊ መሣሪያ የሚሠራ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ተቆፍሮባታል። ለመሆኑ ወርቁን ያፈራው አገር በልዋጩ ምን አገኘ? ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ታሪኩን ከመነሻው በመከተል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃል ያልተነገረበት ገበያ

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወቅት፣ ከእስክንድርያ የተነሣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በቀይ ባሕር ዳር ወደምትገኘው አዱሊስ መጣ። ኋላ መንኩሶ በጻፈው መጽሐፍ ስለ አክሱም ብዙ ነገር ትቶልናል። ከእነዚህ ሁሉ የታሪክ ሰዎችን ይበልጥ የሳበው “ሳሱ” ስለምትባል የወርቅ አገር የሚተርከው ክፍል ነው።

እንደ ኮስማስ ገለጻ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ወደ ሳሱ ይልክ ነበር። ከንጉሡ ሰዎች ጋር ሌሎች ነጋዴዎችም ይቀላቀሉና ቁጥራቸው ከ500 ይበልጣል። የሚነዱት በሬ፣ የሚጭኑት ጨውና ብረት ነው። ከስፍራው ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ትልቅ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹንም አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰዎች ባቄላ የሚያህል የወርቅ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። ከወደዱት ሥጋ ወይም ጨው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ አስቀምጠው ራቅ ይላሉ። ባለ ሥጋው ቀርቦ ያያል፤ ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ያገሩ ሰውም መጥቶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ባለ ወርቁም ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ገበያው እንዲህ የሚካሄደው ቋንቋቸው ስለሚለያይና አስተርጓሚ ስለሌለ መሆኑን ኮስማስ ጽፏል። የደርሶ መልስ ጉዞው ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲሄዱ ከብት ስለሚነዱ በዝግታ፣ ሲመለሱ ግን ክረምቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ እንዳይዘጋባቸው በጥድፊያ ነበር።

የሳሱን ቦታ በካርታ ላይ ለማመልከት ብዙ ክርክር ተደርጓል። ብዙ ተመራማሪዎች ከዓባይ ወዲያና ወዲህ ባለው በፋዞግሊና በቤኒ ሻንጉል አካባቢ ያደርጉታል። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በስሟ የወርቅ ገንዘብ ስታሳትም የነበረች መንግሥት በመሆኗ ይህ የወርቅ መንገድ ለእርሷ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በሮም ገበያ ፊት ያቆማት ምሰሶ ነበር።

ከኮስማስ ትረካ ሳይስተዋል የሚያልፍ አንድ ቁም ነገር አለ። በዚያ ገበያ ዋጋውን ለብቻው የሚወስን ወገን አልነበረም። ባለ ወርቁ ካልወደደ ወርቁን አንሥቶ የመሄድ መብት ነበረው። የኋለኛው ዘመን ታሪክ የሚለካው በዚህ ሚዛን ነው።

ድንጋዩና ስሙ

ወርቁ ከየት መጣ? የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በምሥራቅ ሱዳንና በቀይ ባሕር ማዶ በዐረቢያ ያለው ጥንታዊ ድንጋይ የዐረቢያና የኑቢያ ጋሻ የሚባለው የመሬት ቅርፊት አካል ነው። ዕድሜው ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። በዚህ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከመሬት በታች የሚፈላ ውሃ ወርቅ አዝሎ አልፏል፤ ሲቀዘቅዝም ወርቁን በነጭ የኳርትዝ ጅማት ውስጥ ትቶታል። ተራራው በዝናብ እየተሸረሸረ ሲሄድ ከባዱ ወርቅ ከወንዞች ግርጌ በአሸዋና በጠጠር መካከል ይከማቻል። የሳሱ ሰዎች የለቀሙት ፍሬም ሆነ ዛሬ የአካባቢው ሴቶች በእንጨት ገበታ እያጠቡ የሚያወጡት ወርቅ እንዲህ ያለው የወንዝ ወርቅ ነው።

የአገሩ ስምም ከድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያን ታሪክ ያጠኑት ጣሊያናዊው አለሳንድሮ ትሪዩልዚ እንደሚገልጹት የጥንቱ ስም “ቤላ ሻንጉል” ነው፤ “ቤላ” በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። ዐረብኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ወደሚያውቁት ወደ “ቤኒ” ስለቀየሩት የቋጥኙ ስም የሻንጉል ልጆች የሚል ትርጉም ያለው ሆኖ ቀረ። ትሪዩልዚ በ1981 ያሳተሙት መጽሐፍ ርእስም “ጨው፣ ወርቅና ሕጋዊነት” የሚል ሐሳብ የያዘ ነው፤ ሦስቱ ቃላት የአካባቢውን የ19ኛ መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ጠቅልለው ይይዛሉ።

ጨው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከወርቅ ያላነሰ ድርሻ አለው። በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ወጥቶ ከገበያ ገበያ እየተሻገረ ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንር ነበር። ወለጋ ደርሶ ወደ በርታ አገር ሲወርድ በወርቅ ይለወጣል። የአሳል ሐይቅን ጨው እየቆረጡ ወደ ደጋው ያጓጉዙ የነበሩት የአፋር ቅፍለቶችም የዚሁ ሰፊ የንግድ መረብ ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ ጫፍ ከባሕር ወለል በታች ባለ የጨው ሜዳ፣ ሌላው ጫፍ በወርቅ ተራሮች ላይ የተተከለ መንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

ከካይሮ የመጡ ወርቅ ፈላጊዎች

በ1820 የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ ፓሻ ልጃቸውን ኢስማዒልን በጦር አስከትለው ወደ ሱዳን ላኩ። የዘመቻው ዓላማ ሁለት ነበር፤ ለጦር ሠራዊት የሚሆኑ ባሮችና ወርቅ። ሴናር በ1821 ወደቀች። ኢስማዒል ወደ ደቡብ ቀጥሎ ፋዞግሊን አልፎ በ1822 መጀመሪያ የቤኒ ሻንጉል ተራሮች ሥር ደረሰ። ከእርሱ ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮ የወንዞቹን አሸዋ መረመረ። ውጤቱ ግን ከተጠበቀው በታች ሆነ፤ ወርቅ አለ፣ ነገር ግን ጥቂት በጥቂቱ ተበታትኖ የሚገኝ፣ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ነው። ኢስማዒልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሸንዲ ላይ በመክ ኒምር እጅ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ።

መሐመድ ዓሊ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አውስትሪያዊው የማዕድን ሊቅ ሩሰገር አካባቢውን እንዲያጠና አደረጉ፤ በ1838 መጨረሻም ዕድሜያቸው ወደ ሰባ በተጠጋበት ጊዜ ራሳቸው ከካይሮ ተነሥተው እስከ ፋዞግሊ ተጓዙ። ከዚያም የሩሲያው የማዕድን መሐንዲስ ዬጎር ኮቫሌቭስኪ በ1847 እና በ1848 መጥቶ የወርቅ ማጠቢያ አሠራ። ይህ ሁሉ ልፋት ግን የወጪውን ያህል ወርቅ አላስገኘም። ምክንያቱ በድንጋዩ ውስጥ ብቻ አልነበረም። የበርታ ሰዎች በተራራቸው ላይ ሆነው ይዋጉ ነበር፤ ስንቅ ከሩቅ ይመጣል፤ ሠራተኛውም በግድ የተያዘ ነው። በፈቃድ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ በጅራፍ ወርቅ አላመርትም አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባሪያ ፈንጋዮች መንደሩን ባዶ ባደረጉት መጠን ወርቅ የሚያጥብም ሰው ጠፋ።

ወርቅ ያሰመረው ድንበር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአካባቢው የገነነው ወታዊት የሚባለው ወገን ነበር። ወታዊት ከሱዳን የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ከበርታ ቤተሰቦች ጋር ተጋብተው የወለዷቸው ናቸው። ከእነርሱ መካከል የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን፣ የቤኒ ሻንጉሉ ሼህ አብዱራህማንና የኮሞሻው ሼህ መሐመድ ወድ ማሕሙድ ሦስቱን ዋና ዋና ግዛቶች ያዙ። በፈዳሲ ገበያ የኦሮሞ ነጋዴዎች ከደጋ፣ ጀላባዎች ከሱዳን መጥተው ይገናኙ ነበር። በ1880ዎቹ ደግሞ የማሕዲስቶች እጅ በአካባቢው ላይ ከበደ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ። እንግሊዝ ከሰሜን ወደ ኦምዱርማን፣ ፈረንሳይ ከምሥራቅና ከምዕራብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገሰግሱ ነበር። በ1897 የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ገዥ የነበሩት ሌዎንስ ላጋርድ አዲስ አበባ ገብተው ከምኒልክ ጋር ተዋዋሉ፤ የቦንሻን ጓድም በጅቡቲ በኩል አድርጎ ወደ ሶባት ወንዝ ተጓዘ። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ምኒልክ ሌሎች ሳይቀድሟቸው ድንበራቸውን በሰው ኃይል ለማጽናት ቆረጡ። የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን በ1897 መጨረሻ ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ፤ የወለጋዎቹ ደጃዝማች ኩምሳና ደጃዝማች ጆቴም ጦራቸውን አሰለፉ። ሼሆቹ ተቃወሙ፤ ውጊያው ከባድ ነበር፤ በመጨረሻ ግን በ1898 አካባቢው በምኒልክ ግዛት ሥር ገባ።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር እንግሊዞች ኦምዱርማንን ያዙና የድንበሩ ክርክር ተጀመረ። እንግሊዞች ቤኒ ሻንጉል የሱዳን አካል ነው ብለው ይሟገቱ ነበር። ምኒልክ በሌላ ቦታ መሬት ለመልቀቅ ዝግጁ ሆነው ሳለ ወርቅ ያለበትን ይህን ምድር አልለቅም አሉ። ሜይ 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ቤኒ ሻንጉል የኢትዮጵያ ሆነ። በዚያው ውል ሦስተኛ አንቀጽ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ግዴታ ገቡ። ወርቁ የሰጠውን ድንበር ውሃው እንደ መያዣ አስከተለ ማለት ነው። ታሪክ ቀልደኛ ነውና ከ109 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2011፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ምኒልክ ለወርቁ ሲሉ ባልለቀቁት በዚሁ ምድር፣ በጉባ ነው፤ ግድቡም በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ።

በወቄት የተለካ ግብር

የምኒልክ መንግሥት ወርቁን የሰበሰበው በማዕድን ኩባንያ አማካይነት አልነበረም። ምንም እንኳ በወለጋ በነጆ አካባቢ ለውጭ ባለሀብቶች የማዕድን ፈቃድ ቢሰጥም፣ በቤኒ ሻንጉል ግን ነገሩ በግብር ተወሰነ። ሼህ ሆጀሌ ለጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱና ወርቅ በወቄት እየመዘኑ የሚገብሩ የአሶሳ ጌታ ሆኑ። አንድ ወቄት የአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ክብደት፣ 28 ግራም ያህል ነው። በአዲስ አበባ ያሠሩት ቤትም በስማቸው ሲጠራ ኖሯል።

ይህ ወርቅ እንዴት እንደተገኘ ለማወቅ ከሼሁ ግቢ ወደ ወንዙ መውረድ ያስፈልጋል። ዝናቡ ጎርፍ አምጥቶ ወንዙ ሲጎድል፣ ወይም በበጋ ጉድጓድ ተቆፍሮ የጠጠሩ ንብርብር ሲገኝ፣ ወንዶች ይቆፍራሉ፤ ሴቶች ጠጠሩን በገበታ አድርገው በውሃ ያሽከረክራሉ። ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር ይፈስሳል፤ ጥቁሩና ከባዱ አሸዋ ከገበታው ግርጌ ይቀራል፤ በእርሱ መካከልም ጥቂት የወርቅ ቅንጣት ታበራለች። ሙሉ ቀን ሠርቶ አንድ ግራም የማያገኝ ብዙ ነው። ወቄት ሙሉ ግብር ለመክፈል የስንት ሰው የስንት ቀን ድካም እንደሚያስፈልግ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ወርቁ ሲጎድል ሰው ተተካ። የቤኒ ሻንጉልና የአጎራባቹ ማኦና ኮሞ ሕዝብ ልጆች በግብርና በንግድ ስም ወደ ባርነት ተነዱ። የሼህ ሆጀሌ ባለቤት የነበሩት ሲት አምና በ1928 በሱዳን መንግሥት እስከ መያዝ የደረሱት ከዚሁ የባሪያ ንግድ ጋር በተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው ግን በ1942 ነው። በከተማው ቤት ውስጥ ውሃ የሚቀዳውና እንጨት የሚፈልጠው የወርቅ አገር ልጅ በሕዝቡ ስም ሳይሆን በስድብ ቃል ይጠራ ነበር። “ወርቅ ላበደረ ጠጠር” የተባለው ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል?

ኩርሙክ

ከዚያ በኋላ የወርቅ ታሪክ ለብዙ ዘመን ወደ ደቡብ ዞረ። በ1930ዎቹ የተገኘው የአዶላ ወርቅ በንጉሠ ነገሥቱም በደርግም ዘመን የመንግሥት ዋና የወርቅ ምንጭ ሆነ። ቤኒ ሻንጉል ከእጅ ሥራ አልወጣም። የድንበሯ ከተማ ኩርሙክ በሱዳን ወገን በ1987 እና በ1997 በሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር ስትያዝ፣ የጦርነቱ ንፋስ ወደ ኢትዮጵያ ወገንም ይነፍስ ነበር።

ለውጥ የመጣው በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው። አስኮም የተባለ የግብፅ ኩባንያ በአሶሳና በኩርሙክ መካከል ፈቃድ ወስዶ መቆፈር ጀመረ። የመሐመድ ዓሊ ሰዎች ያልሆነላቸውን ፍለጋ ከካይሮ የመጣ ኩባንያ ከ180 ዓመት በላይ ቆይቶ ቀጠለው፤ የዚህ ዘመን ፈላጊዎች ግን ዓይናቸው ከወንዙ አሸዋ አልፎ ወርቁን ወደ ወለደው ተራራ ነበር። ዲሽ ማውንቴንና አሻሽሬ በተባሉ ሁለት ቦታዎች ሰፊ ክምችት መኖሩ ተረጋገጠ። ኋላም አላይድ ጎልድ የተባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በካናዳ ቶሮንቶ የሆነ ኩባንያ፣ ሥራውን ተረክቦ ወደ ግንባታ አሸጋገረው። ኩባንያው ባወጣው ዕቅድ መሠረት ሊወጣ የሚችለው ክምችት 2.7 ሚሊዮን አውንስ ገደማ፣ የግንባታው ወጪ 500 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ወርቅ የሚወጣበትን ጊዜም 2026 አጋማሽ ላይ አድርጎት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት 290,000 አውንስ ያህል ለማምረት ታስቧል፤ ይህም ወደ 9 ቶን ይጠጋል።

እንዲህ ያለ ማዕድን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ለመመዘን ይረዳል። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ያለው ወርቅ ከአንድ ግራም ብዙም የሚዘል አይደለም። ስለዚህ አንዲት የጣት ቀለበት የሚያህል ወርቅ ለማግኘት ብዙ ቶን ድንጋይ በፈንጂ ይናዳል፣ በግዙፍ መኪና ይጋዛል፣ በወፍጮ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ዱቄቱ ከውሃና ከሳያናይድ ጋር በትላልቅ በርሜሎች ይበጠበጣል፤ ሳያናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል፤ የተሟሟውን ወርቅ የከሰል ቅንጣቶች ይስቡታል። ከዚያም ወርቁ ከከሰሉ ተለይቶ፣ በኤሌክትሪክ ተሰብስቦና ቀልጦ ያልጠራ የወርቅ ጡብ ይሆናል። የሚቀረው እርጥብ ዱቄት ወደ ዝቃጭ ግድብ ይፈስሳል። ኩባንያው በዓመት 6 ሚሊዮን ቶን ያህል ድንጋይ ለመፍጨት ያቀደ በመሆኑ ይህ ግድብ በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ፣ ማዕድኑ ካለቀ በኋላም ለብዙ ትውልድ ጥበቃ የሚሻ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ነው። በገበታ ወርቅ የምታጥበው ሴት ውሃውን መልሳ ወደ ወንዙ ትደፋለች፤ የፋብሪካው ውሃ ግን ወንዝ እንዳይነካ መጠበቅ አለበት።

አካባቢውም ጸጥ ያለ አይደለም። በክልሉ በመተከል ዞን ከ2019 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ብዙ ሕይወት የጠፋበት ግጭት ነበር። በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ወርቅ የሚቆፈርበት ወረዳ ስደተኛም የሚጠለልበት ሆነ።

ከለገደንቢ የሚገኝ ትምህርት

አዲስ ማዕድን ሲከፈት ተስፋው ብዙ ነው፤ መንገድ፣ ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሮያሊቲ። በኢትዮጵያ ተስፋው እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ከሩቅ አይፈለግም። በጉጂ ዞን የሚገኘው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን በ1997 ከመንግሥት እጅ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። ለሃያ ዓመታት ወርቅ ወደ ውጭ ሲላክ ኖረ። በ2018 ፈቃዱ ሊታደስ ነው ሲባል በሻኪሶና በአካባቢው ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል በሰውና በከብት ጤና ላይ ጉዳት አድርሷል፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች ተወልደዋል ሲሉ አቤት አሉ። መንግሥትም በሜይ 2018 ፈቃዱን አገደ፤ ሥራው እንደገና የጀመረው በ2021 ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኩባንያ ፈቃድ የሚቀበለው ከዋና ከተማ ነው፤ ከወንዙ ውሃ የሚጠጣው ሕዝብ ፈቃድ ግን በወረቀት ላይ አይገኝም። የሳሱ ባለ ወርቅ ዋጋው ካልተስማማው ወርቁን አንሥቶ ይሄድ ነበር። የዛሬ ገበሬ ተራራውን አንሥቶ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ውሉ ሲፈረም ቃሉ እንዲሰማ፣ የውሃው ምርመራ ውጤት በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ከሮያሊቲው የሚደርሰው ድርሻ በግልጽ እንዲታወቅ ይገባል። ኮስማስ “አስተርጓሚ የለም” ብሎ የጻፈው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ ዘመን በርታኛ የሚናገር ሽማግሌ ስለ ሳያናይድ የሚያስረዳው ሰው ካጣ ያንን ያህል ዘመን ምን ተሠራ ያሰኛል።

ሌላም የሚታሰብ ጉዳይ አለ። በገበታ የሚሠራው ባህላዊ አምራች አልጠፋም። በ2024 አጋማሽ ኢትዮጵያ የብሯን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገች በኋላ ቀድሞ በድብቅ ድንበር ይሻገር የነበረ ብዙ ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ ገባ። በ2024/25 የበጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ሸቀጦች አንደኛ ሆነ፤ በዚህም የባህላዊ አምራቾች ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የሚተዳደርበት ወንዝ በትልቅ ፈቃድ ክልል ውስጥ ሲገባ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከኩባንያው የትርፍ ሒሳብ እኩል መልስ ያሻዋል።

ጅቡቲና የወርቁ መንገድ

በካርቲየ 7 ቢስም ሆነ በሌላው የጅቡቲ ሠፈር የሚኖር አማርኛ አንባቢ ኩርሙክ ከእርሱ በጣም የራቀች ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም ከጅቡቲ ወደብ እስከዚያ ያለው መንገድ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ይሁን እንጂ ከኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በፒኬ 12 በኩል ወጥተው በጋላፊ ወደ ሚሌ ከሚያቀኑት ከባድ መኪናዎች መካከል ብረት፣ ነዳጅ፣ ማሽንና ኬሚካል የጫኑት ብዙዎቹ መድረሻቸው እንዲህ ያሉ ሩቅ የሥራ ቦታዎች ናቸው። የሱዳን ጦርነት የፖርት ሱዳንን አማራጭ ካጠበበው ወዲህ የዚህ መንገድ ሸክም ይበልጥ ከብዷል።

ጅቡቲ ራሷም ከወርቅ ፍለጋ ውጭ አልቀረችም። ስትራቴክስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በኢትዮጵያ አፋርና በጅቡቲ ምድር የወርቅ ፍለጋ አካሂዷል። የጅቡቲ ድንጋይ ከቤኒ ሻንጉሉ ጋር ሲነጻጸር ገና ትናንት የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ነው፤ በዚህ ዓይነት ምድር ወርቅ የሚፈለገው ፍል ውሃ በአለፈባቸው ስንጥቆች ነው። ስለዚህ የኩርሙክ ታሪክ ለጅቡቲ ልጅም የሩቅ ዜና ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ነገ በደጁ ሊነሣ የሚችል ጥያቄን አስቀድሞ ያሳየዋል።

በጥንቱ መንገድ ጨው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ወርቅ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ የእግር መንገድ፣ በአንድ ገበያ ይተላለፉ ነበር። ዛሬ ከባዱ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ በመኪና ይሄዳል። ወርቁ ግን ክብደቱ ጥቂት፣ ዋጋው ብዙ ነውና በአውሮፕላን ተጭኖ በሁሉም ራስ ላይ ያልፋል፤ የሾፌሩም፣ የወደብ ሠራተኛውም፣ ወንዝ ዳር የቆመችውም ሴት አያዩትም። በማይታይ ነገር ላይ ሒሳብ መጠየቅ ከባድ ነው። ሒሳቡ በየዓመቱ በአደባባይ ከተነበበ፣ ስንት አውንስ ወጣ፣ ስንት ብር ለአገሩ ቀረ፣ ውሃው ምን ሆነ ተብሎ ከተጠየቀና መልስ ከተገኘ፣ ቤኒ ሻንጉል ላበደረችው ወርቅ ከጠጠር የተሻለ ብድር ይመለስላት ይሆናል። ያ ካልሆነ ግን ዲሽ ማውንቴን አልቆ ኩባንያው ሲሄድ ለበርታ ልጆች የሚተርፋቸው ቃል በቃል የተፈጨ ጠጠር ነው።